ቅጠሉስ መድኃኒት ነው፤ ልኩ ስንት ነው?

በነቀምት ብዙ ጓሮ ውስጥ ዳማከሴ አለ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤት ቆሪቻ ሚቺ ይለዋል። ግራዋው በዚያው ሰፈር ኤቢቻ ነው፤ ኮሶው ሄጦ፣ እንዶዱ አንዶዴ፣ ብሳናው በካኒሳ፣ ሰንሰሉ ዱሙጋ። ከነቀምት እስከ ጊምቢ፣ ከአርጆ እስከ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ድረስ እነዚህን ዕፅዋት የማያውቅ የቤት እመቤት ማግኘት ያስቸግራል። ልጅ ሲያተኩሰው፣ ሆድ ሲነፋ፣ ቆዳ ላይ ጭርት ሲወጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ጓሮው ነው፤ ጤና ጣቢያው ቀጥሎ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በምዕራብ ኦሮሚያ በነበረው ግጭት ጤና ተቋማት ተጎድተው፣ መንገድ ተዘግቶ፣ መድኃኒት ጠፍቶ በቆየባቸው ቀበሌዎች ከጓሮው ሌላ ምርጫ ያልነበራቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ታዲያ እነዚህ ቅጠሎች ያድናሉ ወይ? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን «የአባቶቻችን ጥበብ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ልጇ ያተኮሳት እናት ግን ከሁለቱም መልስ የምታገኘው ነገር የለም። ለእሷ የሚጠቅማት ዝርዝሩ ነው፦ ለየትኛው በሽታ? ከተክሉ ሥሩ፣ ቅጠሉ ወይስ አበባው? ምን ያህል? ለአዋቂ ነው ለሕፃን? ስንት ቀን መጠበቅ ይቻላል? እነዚህ ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ተክልና ለእያንዳንዱ በሽታ የተለያየ መልስ አላቸው።

ከኮሶ እንጀምር፤ ኮሶ እንደሚሠራ የሚጠራጠር የለምና። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ የኮሶ ትሉ ከአንጀት ይወጣል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የኮሶ አበባ በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር። በአበባው ውስጥ ያሉት ኮሶቶክሲንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ትሉን ያደነዝዙታል፤ የደነዘዘ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ መቆየት ስለማይችል ከሰገራ ጋር ይወጣል።

ችግሩ ትሉን የሚያደነዝዘው መጠንና ሰውን የሚጎዳው መጠን መቀራረባቸው ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ማቅለሽለሹን፣ ማስታወኩንና መድከሙን ያውቀዋል። መጠኑ ሲበዛ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ ኮሶ ጠጥተው ማየት የተሳናቸው ሕሙማን በአገራችን ሐኪሞች ተመዝግበዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከጠጣችው ጽንሱ ሊወርድ ይችላል። እፍኝ የተባለው መለኪያም አይታመንም፤ የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይለያል፣ ዘንድሮ የተለቀመው ከከረመው ይበረታል። አባት በአንድ እፍኝ ዳኑ ማለት ልጅ በአንድ እፍኝ ይድናል ማለት አይደለም። ዛሬ ለዚሁ ትል ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በክብደት ተለክቶ ይሰጣል። እንክብሉ ከአበባው የሚሻልበት ዋናው ምክንያት በውስጡ ያለው መድኃኒት ትናንትም ዛሬም እኩል መሆኑ ነው።

ወባ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በወለጋ ስለ ዕፅዋት መድኃኒት የሚነገረው ሁሉ መጨረሻው ወባ ላይ ይደርሳል። የዴዴሳና የአንገር ሸለቆዎች ወባ የማይለቃቸው ቆላዎች ናቸው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በምዕራብና በቄለም ወለጋ በሽታው ክፉኛ አገርሽቷል። እዚያ ለወባ ግራዋ ተወቅጦ ይጠጣል። መሠረት የሌለው ነገር አይደለም፤ የግራዋ ጭማቂ ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ተሞክሮ በደማቸው ያለውን ተውሳክ እንደቀነሰ በተደጋጋሚ ታይቷል። በታንዛኒያ የማሃሌ ተራሮች የታመሙ ቺምፓንዚዎች የግራዋን ግንድ ልጠው ውስጡን ሲያኝኩ ተመራማሪዎች አይተዋል፤ ጤነኞቹ በምሬቱ የተነሣ ብዙም አይቀርቡትም።

«ቀነሰ» እና «አጠፋ» ግን በወባ ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አደገኛው የወባ ተውሳክ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በ48 ሰዓት ገደማ ከ10 በላይ ሆኖ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ደግሞ ሌላ ሕዋስ ይይዛል። ከተውሳኩ ግማሹን የሚገድል መድኃኒት ቢገኝ እንኳ የቀረው ግማሽ በሁለት ቀን ውስጥ ከነበረበት አልፎ ይሄዳል። ሕፃን ልጅ ደግሞ ሁለት ቀን ላይኖረው ይችላል። አደገኛው ወባ ወደ አንጎል ሲወጣ ትኩሳት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ራስ መሳት፣ መንቀጥቀጥና ሞት ይከተላል። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ይጀመር የሚባለው ለዚህ ነው።

እንዲህ ከሆነ «ግራዋ ጠጥቼ ዳንኩ» የሚሉት ሁሉ ዋሹ? አልዋሹም። የወባ ትኩሳት መጥቶ የሚሄድ ነው፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ትኩሳቱ ያቃጥላል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ከዚያ ቀለል ይላል። ሰው ግራዋውን የሚጠጣው ሲብስበት ስለሆነ፣ መቅለሉ የግራዋው ውጤት ይመስላል። በቆላ ያደገ አዋቂ ደግሞ በተደጋጋሚ ከመያዙ የተነሣ ሰውነቱ በከፊል መቋቋም ለምዷል፤ ያለ መድኃኒትም ሊያገግም ይችላል። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና ለሥራ ከደጋ የወረደ ሰው ይህ መቋቋም የላቸውም። አባወራውን ያዳነው የመሰለው ግራዋ ልጁን የማያድነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጉዳይ ከቻይና የሚነሣ ታሪክ አለ፤ የዕፅዋት መድኃኒትን ለሚወዱም ለሚንቁም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1967 የቻይና መንግሥት የወባ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረ። ከተመራማሪዎቹ አንዷ ቱ ዮዮ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን አገላበጡ፤ ከ1,600 ዓመታት በፊት የኖረው ጌ ሆንግ የአርቴሚሲያ ተክል ለትኩሳት ይጠጣ ብሎ መጻፉን አገኙ። ተክሉ በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይሰንፋል። ቱ ዮዮ ጽሑፉን ደግመው ሲያነቡ ጌ ሆንግ አፍሉት እንዳላለ ልብ አሉ፤ በውኃ ዘፍዝፋችሁ ጭመቁት ነበር ያለው። ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ነበር። በዝቅተኛ ሙቀት ሲያወጡት አርቴሚሲኒን ተገኘ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለወባ በሚሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የተሠራው ከዚህ ግኝት ነው፤ አዋቂ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ 4፣ 4 ፍሬ ለ3 ቀን ይወስደዋል።

አንድ ሰው «እንግዲያው ቅጠሉን አፍልቼ ብጠጣ ያው ነው» ቢል ግን ይሳሳታል። በሻይ የሚገኘው መጠን ትንሽና የማይታወቅ ነው። ትንሽ መጠን ደግሞ ተውሳኩን ሳይገድል መድኃኒቱን ያለማምደዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የአርቴሚሲያን ሻይና ዱቄት ለወባ እንደማይደግፍ ያስታወቀውም በዚህ ስጋት ነው። ስጋቱ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ለአርቴሚሲኒን በከፊል የማይበገር የወባ ተውሳክ በኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል። በየጓሯችን ያሉት ጭቁኝና አሪቲም የቻይናው ተክል ዘመዶች እንጂ ራሱ አይደሉም።

የወፍ በሽታ የሚባለውም መንገዱ ከወባው ጋር ይመሳሰላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን በወለጋ ብዙ ሰው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይሄዳል፤ ሰንሰል የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ቢጫነት ግን የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚመጣው የጉበት ብግነት በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ የተሰጠው ቅጠል ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ከባድ ወባም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ የሐሞት ጠጠርም እንዲሁ። በሄፓታይተስ ኢ የተያዘች ነፍሰ ጡር ደግሞ ሕይወቷ በቀጥታ አደጋ ላይ ነው። የቆላ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሚያተኩሰው ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው፤ ጣት ተወግቶ ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይታወቃል። የተጎዳ ጉበት የሚገባበትን ሁሉ የማጣራት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ለጤነኛ ሰው ቀላል የሆነ መጠጥ ለእሱ ከባድ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዝም ብሎ ማለፍ ወደማይቻልበት ነገር ልምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድነው መድኃኒት በዓለም ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ በጓሮም የለም፣ በሆስፒታልም የለም። ይሁንና በወለጋም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ውሻ የነከሰው ሰው ሰንሰል፣ እንዶድ ወይም ብሳና ተሰጥቶት፣ አስታውኮና አስቀምጦት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። መድኃኒት አዋቂውም «ከሰጠኋቸው አንድም የሞተ የለም» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው።

ይህ እንዴት ይሆናል? የነከሰው ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ብዙዎቹ የተቆጡ ወይም ልጅ የነካካቸው ጤነኛ ውሾች ናቸው። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም አይታመምም፤ ቁስሉ ጥልቅ ካልሆነ፣ ልብስ ለሃጩን ከያዘው፣ ቫይረሱ ነርቭ ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። እነዚህ ሁሉ ቅጠሉን ጠጥተው «ድነዋል»። የሚታመመው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው የሚታመመው፤ ከዚያ ወዲያ በቤቱ ይሞታል፣ መድኃኒት አዋቂው ዘንድ ተመልሶ አይመጣም። የዳነው እየመጣ ሲያመሰግን የሞተው ሳይቆጠር ይቀራል። ለዚህ ነው ሳይንስ ሁልጊዜ ሁለት ቡድን የሚያነጻጽረው፤ መድኃኒቱን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ተከታትሎ።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ ሳሙናው ራሱ ቫይረሱን ይገድላል፣ ይህ በየትኛውም ገጠር ቤት የሚደረግ ነው። ቁስሉ ላይ ቅጠል፣ አመድም ሆነ የሚያቃጥል ነገር አይደረግ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ተሂዶ ክትባቱ ይጀመር፤ ቀጠሮዎቹም አይቋረጡ። ውሻውን ሳይገድሉ አስሮ ማቆየት ከተቻለ ለ10 ቀን ይታይ፤ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም። ክትባቱ ግን ይህን እየጠበቀ አይዘገይም። መድኃኒት አዋቂው ጋ መሄድ የግድ ነው የሚል ቤተሰብ ካለ ከክትባቱ በኋላ ይሂድ፤ ጥሩ መድኃኒት አዋቂ «መጀመሪያ ተከተብ» ብሎ ሲልክ ደግሞ ከማንም በላይ ነፍስ ያድናል፤ ሰው የሚሰማው እሱን ነውና።

ቅጠል ወደ መድኃኒትነት የሚደርስበትን መንገድ ከራሳችን ሰው ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ተውሳክ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ያድጋል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት፤ እነዚያም ሞቱ። ገዳዩ በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነበር፤ በኋላም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በአድዋ ለዓመታት በተደረገ ሙከራ በሽታው በተለይ በሕፃናት ላይ በእጅጉ ቀነሰ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማወዳደር ጠንካራውን፣ ዓይነት 44 የተባለውን፣ መረጡ። ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

በመካከሉ ያለፉት 25 ዓመታት ናቸው ይበልጥ የሚያስቆጩት። ዓለም አቀፍ ተቋማት በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውን ውጤት ለመቀበል አመነቱ፤ የመርዛማነት ምርመራው በውጭ አገር በታወቀ ቤተ ሙከራ ካልተደረገ አሉ፣ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም አልተገኘም። ዶክተር አክሊሉ ይህን በአደባባይ ተናግረዋል፤ እውነታቸውን ነበር። ምርመራው ራሱ ግን አስፈላጊ ነበር፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ ጽንስ ለማውረድ የጠጡ ሴቶችንም ገድሏል። ልብስ የሚያጥብ፣ ቀንድ አውጣ የሚገድል፣ ሰው የሚገድል አንድ ተክል ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና የሚውልበት ቦታ ነው። ታሪኩ ለወለጋ ሩቅ አይደለም፤ የመስኖ ሸንኮራ አገዳ ባለበት በፊንጫ ሸለቆ ቢልሃርዚያ ተመዝግቧል፣ እንዶድም በየአጥሩ ይበቅላል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ከአገር በቀል ዕውቀት የተነሣ መድኃኒት የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎችን እንዳለፈ በመንግሥት ደረጃ ተነገረ። አገሩ በደስታ ተቀበለው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ከገበያ እስኪጠፉ ተሸመቱ። በሰው ላይ ተፈትኖ፣ ፈቃድ አግኝቶ ለሕዝብ የቀረበ መድኃኒት ግን አልተከተለም። የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ብልቃጥና አይጥ ማለት ነው፤ ብልቃጥ ውስጥ ቫይረስ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፣ በረኪናም ይገድላል። ከዚያ እስከ ፋርማሲ ያለው መንገድ የዓመታት ነው፤ ሳያልቅ ደስታውን ማወጅ ሕዝብንም ይጎዳል፣ የዕፅዋት መድኃኒትንም ስም ያበላሻል።

ለዕለት ኑሮ የሚሆነው ነገር ብዙ አይደለም። ዳማከሴ ለጉንፋንና ለምች ቢጨመቅ፣ ዝንጅብል ለጉሮሮ ቢፈላ፣ ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ቢደረግ የሚከፋ የለም፤ የዳማከሴ ጭማቂ በእንስሳት ላይ ትኩሳት ማብረዱ ታይቷል። ነፍሰ ጡር ግን ጤና አዳም አፍልታ በብዛት አትጠጣ፤ ማሕፀንን ያኮማትራል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ሊቆስል እንደሚችልም ይታወቅ። የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ሽፈራው ሲጨምርበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የደም ማቅጠኛ የሚወስድም ነጭ ሽንኩርት በብዛት ቢበላ መድማት ሊበረታበት ይችላል። ስለዚህ ነቀምት ሆስፒታል ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው የጠጣውን ሁሉ ይናገር። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ደግሞ ሳይቆጡ ይጠይቁ፤ አንድ ጊዜ የተዘለፈ በሽተኛ ሁለተኛ እውነቱን አይናገርም፣ ያልተነገረ ኮሶ ወይም እንዶድ ያለበትን ሆድ ማከም ደግሞ በጭለማ መሥራት ነው።

መድኃኒት አዋቂዎቹ ግን የሚያውቁትን ለምን ይደብቃሉ? በወለጋ የዕፅዋት ዕውቀት በአብዛኛው በቃል፣ በምሥጢር፣ ከአባት ለተመረጠ ልጅ ይተላለፋል። ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል የሚል እምነት አለ፤ ሌላው ወስዶ ይጠቀምበታል የሚል ስጋትም አለ፣ ይህኛው በቂ ምክንያት አለው። የሆሚን ነገር እንውሰድ፤ አማርኛው ጥቁር እንጨት ይለዋል፣ በምዕራብ ደኖቻችንም ይበቅላል። የቅርፊቱ ጭማቂ በፈረንሳይ ለፕሮስቴት እብጠት መድኃኒት ሆኖ ከወጣ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሽንት የመሽናት ችግርን በመጠኑ እንደሚያቀል በሰው ላይ ተፈትኖ ታይቷል። ውጤቱ ግን በካሜሩንና በማዳጋስካር ዛፉ ዙሪያውን እየተላጠ መርገፉ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል። ዛፉን ለትውልድ ያቆዩት መንደሮች ከዚያ ንግድ ያገኙት ትንሽ ነው።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰብ ከዕፅዋቱና ከዕውቀቱ በሚገኝ ጥቅም እንዲካፈል መብት ሰጥቶታል። መብቱ የሚጠቅመው ግን ዕውቀቱ የማን እንደነበር ሲታወቅ ነው። ምዝገባው ደግሞ ውድ ነገር አይጠይቅም፦ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይደርቃል፤ የተለቀመበት ቀበሌ፣ የኦሮምኛና የአማርኛ ስሙ፣ ለምን በሽታና ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ የሰጠው ሰው ስም በእሱ ፈቃድ ይጻፋል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነቀምት ነው፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ በየወረዳው እየዞሩ እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ሠርተዋል። ጥናቱ አልቆ ወደ እንግሊዝኛ መጽሔት ሲሄድ አንድ ቅጂ በኦሮምኛ ተጽፎ ወደ መድኃኒት አዋቂው ቤትና ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ይመለስ። አዋቂው ከተናገሩት ውስጥ የትኛው ተክል እንደ ሠራ፣ የትኛው ጉበት እንደሚጎዳ፣ የትኛው ለሕፃን እንደማይሰጥ ማወቅ ከማንም በፊት የሚገባው ለእሳቸው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም በሽተኛ ደጃቸው ይመጣልና።